ስሟን ሸፍነነዋል

እስካሁን ንዴቴ አልበረደልኝም፤ አፌ ቢሻክር ከወዲሁ ይቅር በሉኝ። ባትሉኝም ግድ የለኝም።

ጋዜጣ ቤት ነው የምሠራው። አራሚ ነኝ። ዘጋቢዎቹ የጻፉት ሁሉ ገጽ ላይ ተደርድሮ ካለቀ በኋላ በወረቀት ታትሞ ጠረጴዛዬ ላይ ይወድቃል፤ እኔም በቀይ እስክሪብቶ እወቅጠዋለሁ። የቁጥር ስህተቱን፣ የተምታታውን ማዕረግ፣ አንደኛው አንቀጽ ላይ ሞቶ አራተኛው ላይ መግለጫ የሚሰጠውን ሰው፣ ሁሉንም እለቅማለሁ። ቢሮ ውስጥ "ቆንጥር" ይሉኛል። በአጠገቤ ያለፈ ሁሉ ልብሱ ሳይያዝ አይቀርም ለማለት ነው። ይበሉኝ። ያለ እኔ ፊርማ አንድም ገጽ ማተሚያ ቤት አይሄድም።

ታናሽ እህት አለችኝ። እናታችን ካረፈች ወዲህ ያለችኝ እሷ ብቻ ናት። የውሃ ድርጅት ውስጥ ሂሳብ ተቀባይ ናት፤ ከመስታወት መስኮት ኋላ ተቀምጣ የወር ክፍያ ትቀበላለች። አግብታ ነበር። ያገባችው ሰውዬ ስም አያስፈልገውም፤ "ያ ሰውዬ" ይበቃዋል፤ ሰው ፊት ማር፣ ቤት ሲገባ እሬት ነው። ፊቷ አብጦ ስታገኘኝ "በር መታኝ" ትለኛለች። አንድ ቀን ጉንጯ ላይ የቀለበት ምልክት አየሁና "ይሄ በር ደግሞ ቀለበት ያደርጋል እንዴ?" አልኳት። ያን ቀን ነው አልቅሳ የነገረችኝ።

ፈታችው። ፍርድ ቤቱ አጠገቧ እንዳትደርስ አለው። ፍርድ ቤት ለሱ ምኑ ነው? የመሥሪያ ቤቷ በር ላይ ይቆማል፤ ስትወጣ ከኋላዋ ይሄዳል፤ "የትም ብትገቢ አገኝሻለሁ፤ ያገኘሁሽ ቀን ግን ቀንሽ ነው" ይላታል። ቢቸግራት የድርጅቱ ሥራ አስኪያጅ ቢሮ ገብታ አለቀሰች። ሥራ አስኪያጁም ያለ ማስታወቂያ፣ ያለ ውድድር፣ በከተማው ሌላ ጫፍ ወዳለው፣ ድልድይ ማዶ ወደሚባለው ቅርንጫፍ አዛወራት። ቤት ቀየረች፤ ስልክ ቀየረች። ያ ሰውዬ ቢሮዬ ድረስ መጥቶ "የት ደበቅሻት?" አለኝ። "ሆዴ ውስጥ፤ ግባና ፈልጋት" አልኩት። ጥበቃው ገፍትሮ አስወጣው። እኔም ልጠይቃት ስሄድ ታክሲ እየቀያየርኩ፣ ኋላዬን እየገላመጥኩ ነበር። እሷ ግን ቀስ በቀስ ሰው መሆን ጀመረች። መጋረጃ ገዛች። በስልክ ስናወራ መሳቅ ጀመረች። እንደ ድሮዋ ስታሾፍብኝ እንባዬ ይመጣ ነበር።

ኢሜይሉ የመጣው እንግዲህ በዚህ መሃል ነው።

ከውሃ ድርጅቱ ሥራ አስኪያጅ የመልእክት ሳጥን የተዘረገፈ ኢሜይል በፍላሽ ታጭቆ ለአንድ ዘጋቢያችን ደረሰው። ይሄንን ዘጋቢ "ሰበር" እንለዋለን፤ ድመት አጥር ብትዘልም ዜናውን "ሰበር! ሰበር!" እያለ ነው ይዞ የሚገባው። ልጅ እንዳይመስላችሁ፤ ልጆቹ ዩኒቨርሲቲ ገብተዋል። ጥድፊያው ነው አልበስል ያለው።

ፍላሹ ውስጥ የነበረው ነገር ትልቅ ነገር ነበር፤ ይሄን አልክድም። ሥራ አስኪያጁ ያረጁ ፓምፖችን ቀለም አስቀብቶ እንደ አዲስ ከገዛ አማቹ ገዝቷል። ግማሹ ከተማ ጄሪካን ይዞ የተሰለፈው ለዚህ ነው። እኔ ራሴ ባልዲ ተሸክሜ አራት ፎቅ የወጣሁት ለዚህ ነው። ሰበርም በዚህ በኩል ይመስገን። ኢሜይል አገኘሁ ብሎ ብቻ አልጻፈም። መጋዘን ድረስ ሄዶ ፓምፖቹን በዓይኑ አይቷል፤ ቀለሙን በጥፍሩ ፍቆ ዝገቱን ፎቶ አንስቷል፤ ፓምፕ ከሚጠግኑት ሠራተኞች ጋር ቁጭ ብሎ ኢሜይሉን አንድ በአንድ አመሳክሯል። ለሥራ አስኪያጁም ደውሎ መልስ ጠይቋል። ሰውየው በቅሎን አባትሽ ማነው ቢሏት ፈረስ አጎቴ ነው እንዳለችው፣ ስለ ዝናብ እጥረት ሲያወራ ቆይቶ ዘጋው። ይሄ ነው ሥራ ማለት። በዚህ ቢያቆም ኖሮ ግንባሩን እስመው ነበር።

ገጹ የደረሰኝ ከምሳ በኋላ ነው። የመጀመሪያውን ገጽ እያረምኩ በልቤ "አበጀህ፣ አበጀህ" እላለሁ። ሁለተኛውን ገለበጥኩ። እግርጌው ላይ በግራጫ መደብ የተሠራ ሳጥን አለ፤ ርዕሱ "ከሥራ አስኪያጁ ጓዳ" ይላል። ሚስቱ ስለ ስኳር በሽታው የጻፈችለት፣ ሴት ልጁ ፈተና ወድቃ "አባዬ እንዳትጠላኝ" ብላ የለመነችው፣ ሁሉም ተደርድሯል። የሰው ጓዳ ገብተን ምን እንፈልጋለን እያልኩ ወደ ታች ወረድኩ። መጨረሻ ላይ "ለወዳጅ ዝውውር በሹክሹክታ" ይላል፤ ከሥሩም ይሄ፦

"የአባት ያህል ነው ያደረጉልኝ፤ እስክሞት አልረሳውም። ሰኞ ድልድይ ማዶ ቅርንጫፍ ሥራ ጀምሬያለሁ፤ መስኮት ሦስት ላይ ነኝ። የት እንዳለሁ ከእርስዎና ከእታለም በቀር ማንም አያውቅም።"

መልሱ ደግሞ፦ "በርቺ። ለማንም አትናገሪ። ችግር ካለ በማንኛውም ሰዓት በግል ስልኬ ደውዪ።"

የላኪዋ ስም ላይ ጥቁር ቀለም ተደፍቷል።

እታለም እኔ ነኝ። በዚህ ዓለም ላይ እታለም ብላ የምትጠራኝ እህቴ ብቻ ናት። ያ ሰውዬ ደግሞ በትዳራቸው ዘመን ሁሉ እንደዚያ ስትጠራኝ ሲሰማ ኖሯል።

ወረቀቱን ይዤ ወደ ሰበር ጠረጴዛ ሄድኩ። ዳቦ እየገመጠ ነበር።

"ይሄ ምንድን ነው?"

"የቱ? እሱ? ማጣፈጫ ናታ! ሰው ፓምፕ ፓምፕ ሲሉት ይሰለቸዋል፤ ትንሽ ጨው ጣል ማድረግ ነው።"

"ይቺ ሴትዮ ማን ናት?"

"ውሽማው ናታ! 'በማንኛውም ሰዓት በግል ስልኬ'? ኧረ ቆንጥር፣ አንቺም ልጅ አይደለሽ!" ብሎ ዓይኑን ጠቀሰኝ። ያን ዓይኑን በእስክሪብቶዬ ልለው ምንም አልቀረኝም።

"ጠየቅሃት? ደወልክላት?"

እኛ ቤት አንድ ደንብ አለ። አለቃችን ከብዙ ዘመን በፊት ያወጡት ነው፤ ስሙ ጋዜጣችን ላይ የሚወጣ ሰው ሁሉ፣ ሳይደወልለት አይወጣም። ሌባም ቢሆን ይደወልለታል። ጥሩ ደንብ ነው፤ ከስንት ስህተት አድኖናል፤ አዲስ ዘጋቢ ሲቀጠር በመጀመሪያው ቀን የሚነገረው እሱ ነው።

ሰበር ፍርፋሪውን ከሸሚዙ ላይ አራገፈ። "ስሟ መች ወጣና ነው የምደውለው? ስሟን ሸፍነነዋል። ስም ከሌለ መደወል የለም፤ ደንቡ እኮ ነው።"

እዚህ ጋ ልብ በሉልኝ። አንድ ሰው እንዳይጎዳ ብለን ስሙን እንሸፍናለን። ስሙን ስለሸፈንን አንጠይቀውም። ስላልጠየቅነው ምኑ እንደሚጎዳው አናውቅም። ደንብ የሌለው ሰው እንዲህ አይሳሳትም፤ እንዲህ የሚሳሳተው እንደኛ በደንቡ የሚኮራ ነው።

"ፍላሹን የሰጠህ ማነው?" አልኩት።

"ምንጭ አይነገርም።"

"አትንገረኝ፤ የሥራ አስኪያጁ ምክትል ነው። ወንበሩን ስለሚፈልግ ነው። እሺ፣ የፓምፑን ለሕዝብ ብሎ ሰጠህ እንበል። የልጅቷን ፈተና ለምን ጨመረልህ? የሚስቱን ደብዳቤስ? ሰውየውን አራቁቶ አደባባይ ሊያቆመው ነው እኮ! እሱ ያፈሰሰውን ሁሉ ዝም ብለን የምናስተላልፍ ከሆነ እኛ ቱቦ ነን እንጂ ጋዜጠኞች አይደለንም።"

"አንቺ ፊደል አርሚ" አለኝ። "ዜናውን ለኛ ተዪልን።"

አለቃችን ቢሮ ገብቼ በሩን ዘጋሁ። አለቃችን ትልቅ ሰው ናቸው፤ ሁላችንም "ጋሼ" ነው የምንላቸው። እኔን ሥራ ያስጀመሩኝም እሳቸው ናቸው።

"ጋሼ፣ ይቺ ሳጥን ትውጣልኝ" አልኳቸው።

መነጽራቸውን አድርገው አዩዋት። "ምነው? ሕግ ክፍል አይቷት የለም እንዴ?"

"ሕግ ክፍል የሚያየው ማን ይከሰናል የሚለውን ነው። ማን ይጎዳል የሚለውንስ ማን አየው? ጋሼ፣ የሰውየው ሌብነት የሕዝብ ነው፤ በትልቁ ይውጣ። ስኳሩ ግን የራሱ ነው። ልጅቷ የወደቀችው ፈተና የልጅቷ ነው። ይቺ ሴትዮ ደግሞ ፓምፕ አልሸጠች፣ ቀለም አልቀባች፤ ለአንድ ሰው ነው የጻፈችው፣ ለከተማው አይደለም።"

"ዝውውሩ ያለ ውድድር የተሰጠ ነው። አድልዎ ነው። ሕዝብ የማወቅ መብት አለው።"

ከአፋቸው ሲወጣ እንዴት ያምራል መሰላችሁ! እኔም ሌላ ጊዜ ብሰማው ራሴን እነቀንቅ ነበር።

"አድልዎ ከሆነ ለምን እንደተዛወረች ይጠየቃላ! ሳይጠየቅ ውሽማ ናት ብሎ መጠርጠር ምን ይሉታል? ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ይባል የለም እንዴ?"

"ጊዜ የለንም።"

"ለመጠየቅ ጊዜ ከሌለን ለማተምም ቦታ አይኑረን።"

"ቁርጥ ያለ ምክንያት ስጪኝ" አሉ። "ስሟ ተሸፍኗል። በደፈናው አውጡ ስላልሽ አላወጣም።"

ምን ልሁን? ዝም ብል ይታተማል። ብናገር፣ እህቴ አፍና የያዘችውን ገመና ራሴ ዘረገፍኩት ማለት ነው። ኋላ ነገርኳቸው። እህቴ መሆኗን፣ ያ ሰውዬ ምን እንዳደረጋት፣ ቢያገኛት ምን እንደሚያደርጋት።

"ጋሼ፣ ስሟንማ ያውቀዋል! አግብቷት ነበር እኮ! የማያውቀው የት እንዳለች ነው። እናንተ የሚያውቀውን ሸፍናችሁ የማያውቀውን ጻፋችሁለት። መስኮቷን ሳይቀር ቆጥራችሁ ሰጣችሁት!"

ፊታቸው ጠቆረ። ከወንበራቸው ተነስተው ሁለቱንም እጆቼን ያዙ። "ልጄ፣ እኔ በሕይወት ቆሜ ይሄ አይታተምም። የነገርሽኝም ከዚህ ክፍል አይወጣም።" ወዲያው ስልኩን አንስተው ገጽ የሚሠራውን ልጅ "ሳጥኗን አውጣ" አሉት። በቦታው የጄሪካን ሰልፍ ፎቶ ገባ። ገጹ ዳግመኛ ሲመጣልኝ ከላይ እስከ ታች አየሁት፤ አንዲት ቃል አልቀረችም። ፈረምኩ። ቤቴ ገብቼ እግሬን በሙቅ ውሃ ታጠብኩና ተኛሁ። ለእህቴም አልደወልኩላትም። አልፏል፤ ለምን ላስደንግጣት?

በማግሥቱ ጋዜጣው እንደ ትኩስ ዳቦ አለቀ። ታክሲው ውስጥ፣ ባንኩ ውስጥ፣ ወሬው ሁሉ ፓምፕ ሆነ። ሰበር ደረቱን ነፍቶ ይንጎራደዳል። እኔም አልነፈግሁትም፤ "ጎበዝ" አልኩት።

ከዚያ ስልኬ ጮኸ። የማላውቃት ሴት ናት፤ ድምጿ ይንቀጠቀጣል። "እኔ መስኮት ሁለት ላይ የምሠራ ነኝ" አለችኝ። "እህትሽን ሐኪም ቤት ወስደናታል። ቶሎ ነዪ።"

እንዴት እንደደረስኩ አላውቅም። ኋላዬንም አልገላመጥኩ፤ ታክሲም አልቀየርኩ። የነገሩን አካሄድ የነገረችኝ ይቺው ባልደረባዋ ናት። ያ ሰውዬ አልሮጠም፤ አልጮኸም። የሌላ ሰው የውሃ ደረሰኝ ይዞ፣ እንደማንኛውም ደንበኛ ተሰለፈ። ከፊቱ ላሉት አሮጊት ወንበር አቀበለ። ተራውን ጠበቀ። እህቴ አንገቷን ደፍታ ገንዘብ እያስገባች "ቀጣይ" ብላ ጠራችው። ቀና ስትል እሱ ነው። በመስታወቱ ክፍተት እጇን ይዞ ወደ ራሱ ጎተታት፤ እሷ ወደ ኋላ ስትሸሽ መስታወቱ ተሰበረ። ደንበኞቹና ጥበቃው ተረባርበው ባያስጥሏት ኖሮ ስባሪው የት እንደሚገባ እግዜር ነው የሚያውቀው። እሱ በግርግሩ አመለጠ።

ሐኪም ቤት አልጋ ላይ ተቀምጣ አገኘኋት። እጇ ከመዳፏ እስከ ክርኗ ተሰፍቶ ተጠቅልሏል። አታለቅስም። እኔ ነኝ የማለቅሰው።

"እንዴት አወቀ?" አለችኝ። "እታለም፣ እንዴት አወቀ?"

"አላውቅም፤ እኔ እንጃ!" አልኳት። እውነቴን ነበር።

ባልደረባዋ ጉሮሮዋን ጠረገች። "እኔስ ያየሁት ነገር አለ" አለችና ስልኳን ዘረጋችልን። የእኛ ጋዜጣ ድረ ገጽ ነው። ከፓምፑ ዜና ሥር "ሙሉ ኢሜይሎቹን እዚህ ያንብቡ" ይላል። ተነካ፤ ተከፈተ። ስኳሩም፣ ፈተናውም፣ ድልድይ ማዶም፣ መስኮት ሦስትም፣ እታለምም። ስሟ ብቻ በጥቁር ተሸፍኗል።

ድረ ገጹን የሚሠሩት ከላይኛው ፎቅ ናቸው። ጽሑፉ ከዘጋቢው በቀጥታ ነው የሚሄድላቸው፤ የእኔ ቀይ እስክሪብቶ እዚያ አይደርስም። ሰበር ሳጥኑን ለእነሱ የላከው በዋዜማው ጠዋት፣ እኔ ገጹን ሳላየው በፊት ነው። አለቃችንን ጨምሮ ማንም "እላይስ?" ብሎ አልጠየቀም።

"ትናንት ከጋዜጣው አስወጥቼው ነበር እኮ!" ብዬ ጮህኩ። "ተጣልቼ፣ ለምኜ አስወጥቼው ነበር!"

እህቴ ዓይኗን ከስልኩ ላይ አንስታ አየችኝ።

"ትናንት አይተሽው ነበር?"

"አዎ፣ እና እኮ ..."

"አይተሽው ነው ያልነገርሽኝ?"

"ላላስጨንቅሽ ብዬ ነው፣ የኔ እናት። ወጥቷል ብዬ ..."

"ብትነግሪኝ እኮ ዛሬ ሥራ አልገባም ነበር" አለችኝ። ድምጿን ከፍ እንኳ አላደረገችም። በጥፊ ብትመታኝ ይሻለኝ ነበር።

ወደ ቢሮ ስመለስ እሳት ለብሼ፣ እሳት ጎርሼ ነው። አለቃችን ደጁ ላይ አገኘኝ። አንቱታዬን እዚህ ላይ አንስቻለሁ፤ የሚታዘበኝ ካለ ይታዘበኝ።

"ሰምቻለሁ" አለኝ። "በጣም አዝናለሁ። ከድረ ገጹ ላይ አሁኑኑ አስነስቼዋለሁ።"

"ሰው ሁሉ ፎቶ አንስቶ ከተቀባበለው በኋላ! የፈሰሰ ውሃ ይታፈሳል? 'በሕይወት ቆሜ አይታተምም' ብለኸኝ አልነበረም?"

"አልታተመማ" አለ። "እኔ ቃል የገባሁልሽ ስለ ጋዜጣው ነው። ድረ ገጹ ራሱን የቻለ ክፍል ነው።"

እኔ የምለው፣ ሰው እንዲህ ብሎ ከተናገረ በኋላ ማታ ቤቱ ገብቶ እራት ይበላል? ይበላል። ይበላል እንጂ!

ሰበር ከኋላ መጣ። ፊቱን ለቅሶ ቤት እንደሚገባ ሰው አጨፍግጎታል። "እህትሽ መሆኗን ጋሼ ነገሩኝ፤ አዝናለሁ" አለኝ። ከዚያ ክፍል አይወጣም የተባለው ማለት ነው። ኢሜይል ነው የሚያፈተልከው ያለ ማነው? የአለቃ አፍ ይብሳል።

"ግን ቆንጥር፣ እንደ ባለሙያ ካየነው ..." ብሎ ቀጠለ፤ እግዜር ያሳያችሁ፣ ቀጠለ! "ታሪኩ ትልቅ ነው። ከቤት ዱላ የሸሸች ሴት፣ በጠራራ ፀሐይ መሥሪያ ቤቷ ውስጥ! ቃሏን ብትሰጠን ጥሩ ነው። ፊቷን እንሸፍናለን፤ ስሟንም እንሸፍናለን። አሁን እንኳ ደውዬላት ነበር፤ ዘጋችብኝ።"

"ደወልክላት? ስልኳን ከየት አመጣኸው?"

"ከኢሜይሉ ግርጌ ላይ ነበረ፤ ሳጥኑ ላይ አላወጣነውም እንጂ።"

ከኢሜይሉ ግርጌ። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ እጁ ላይ ነበረ ማለት ነው! አንዴ ደውሎ "እመቤቴ፣ እንዲህ ያለ ጽሑፍ ልናወጣ ነው፣ ምን ይላሉ?" ቢላት፣ በአንድ ትንፋሽ ታስረዳው ነበር። አሁን፣ እጇ ከተሰፋ በኋላ፣ ደንቡን አከበረ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ!

ያን ጊዜ ያልኩትን እዚህ አልጽፈውም፤ ጋዜጣ ቤቱ ሁሉ ሥራውን አቁሞ ቆሞ ሰማኝ። ጠረጴዛው ላይ ያለውን የወረቀት ክምር በክንዴ ጠረግሁት። "ነገ የፊት ገጽ ላይ እርማት ይውጣ!" አልኩ። "ውሽማ እንዳልነበረች፣ ያላጣራችሁትን እንዳወጣችሁ፣ ሴትዮዋንም እንዳስመታችኋት ጻፉ!"

አለቃችን ግንባሩን አሸት አሸት አደረገ። "ብንጽፍ ማን እንደሆነች እንደገና ልንናገር ነው" አለኝ። "ለእሷ ይሻላታል?"

የሚያናድደው ደግሞ ይሄን ያህል ጊዜ ሲሳሳት ቆይቶ እዚህ ላይ ትክክል መሆኑ ነው። ውሽማ አይደለችም ለማለት ምን እንደሆነች መናገር ያስፈልጋል። በቀይ እስክሪብቶ የማይነካ ስህተት በሥራ ዘመኔ ለመጀመሪያ ጊዜ ያን ቀን ገጠመኝ። ቦርሳዬን አንስቼ ወጣሁ፤ እስከ ዛሬም አልተመለስኩም።

ሥራ አስኪያጁ ታሠረ። ይገባዋል። ውሃ አስጠምቶናል። ግን እንቅልፍ የሚነሳኝ አንድ ነገር አለ፤ ያ ሌባ የእህቴን ምስጢር ጠበቀላት፤ ለሚስቱ እንኳ አልተነፈሰም። የዘረገፍነው እኛ ነን፣ እውነት እንናገራለን የምንለው። ምክትሉ አሁን ወንበሩ ላይ ተቀምጧል። ሰበርም ለሽልማት ታጭቷል አሉ።

እህቴ ከሐኪም ቤት እንደወጣች ጠፋች። ቤቷ ስሄድ መጋረጃው ወርዷል፤ አከራይዋ "ዕቃዋን ጭና ሄደች" አሉኝ። ስልኳ አይሠራም። ፖሊስ ያ ሰውዬን እየፈለግነው ነው ይላል፤ እስካሁን እየፈለጉት ነው። እኔ በበኩሌ አብጄ ሰነበትኩ። ከዚያ አንድ ቀን ጠዋት የማላውቀው ቁጥር ደወለ።

"እታለም።"

"የኔ እናት! የኔ ሆድ! እጅሽ እንዴት ነው?"

"ደህና ነው። ስፌቱ ተፈታ። ጣቶቼ ትንሽ ይደነዝዙኛል እንጂ ደህና ነው።"

"የት ነሽ? ልምጣ፤ አሁኑኑ ልምጣ። ምን ላምጣልሽ?"

ከኋላዋ የመኪና ጥሩምባ ይሰማኛል፤ የት አገር ጥሩምባ እንደሆነ ከምኑ አውቃለሁ?

"የት ነሽ አልኩሽ እኮ!"

"አልነግርሽም።"

"እኔን? እኔን ነው አልነግርሽም የምትዪው?" ብዬ ጮህኩባት። "አንቺን ብዬ ከሥራ ወጣሁ፣ አንቺን ብዬ ከሰው ተጣላሁ ..."

"አውቃለሁ" አለችኝ። "ለክፉ እንዳላሰብሽም አውቃለሁ። ግን ያን ቀን ስለ እኔ አንቺና አለቃሽ በር ዘግታችሁ ተነጋገራችሁ፤ ለእኔ ማንም አልነገረኝም። ሊያድነኝ የፈለገውም፣ ጋዜጣ ሊሸጥብኝ የፈለገውም አልጠየቀኝም። ደከመኝ፣ እታለም። ከአሁን ወዲያ የት እንዳለሁ የማውቀው እኔ ብቻ ልሁን። አትፈልጊኝ፤ ስትፈልጊኝ እሱም ካንቺ ኋላ ይመጣል።"

ዘጋችው። መልሼ ደወልኩ፤ ያነሳው ሌላ ሰው ነበር፤ "መንገደኛ ናት፣ ስልኬን አውሼያት ነው" አለኝ፤ "ከየት?" ስለው እሱም ጠርጥሮኝ ዘጋው።

ሰው ላይ መቆጣት እችልበታለሁ፤ ሙያዬ ነው ማለት ይቻላል። እሷን ልቆጣት ብዬ ግን አንዲት ቃል አጣሁ፤ እውነቷን ነው። አሁን ስለ እህቴ አድራሻ ከጠየቃችሁኝ፣ እኔና ያ ሰውዬ የምናውቀው እኩል ነው።